እድርተኞቹ የብረት ክንዶች

ያገሩን ስም አልናገርም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀውም ቢያውቀው የሚጨምርለት ነገር የለም። ዝናብ በዓመት ሁለት ወር ብቻ የሚዘንብበት፣ ጃንጥላ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚመረትበት ከተማ ነው ካልኳችሁ ይበቃል። ፋብሪካው አንድ ነው፤ አዛዡም አንድ ናቸው። የጥላው ሹም ይባላሉ። ለምን የጃንጥላው ሹም እንዳልተባሉ ጠይቀን ነበር። ጃንጥላ ዕቃ ነው፣ ጥላ ግን ራእይ ነው ተባልን። ራእይ የሚለውን ቃል ከሰማን በኋላ ሌላ ጥያቄ አላነሳንም። እኔ በዚያ ፋብሪካ እጀታ ገጣሚ ነበርኩ።

በዚያ አገር ሥራና ሞት አንድ ላይ የተሰፉ ናቸው። እድር ያለው ሥራ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እድሩም የሰፈር ሳይሆን የፋብሪካ ነው። የምትሠራ ከሆነ አንተ ወይም ወላጆችህ ስትሞቱ ባልደረቦችህ ድንኳን ይተክላሉ፣ ሬሳውን ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ፣ ሦስት ቀን አብረው ይቀመጣሉ። የማትሠራ ከሆነ ግን ሞትህ የግል ጉዳይህ ነው። ጠዋት ጠዋት ቆሻሻ የሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስድሃል። ከመምጣቱ በፊት እንደሚታጠብ ማዘጋጃ ቤቱ ደጋግሞ ይገልጻል፤ ለነዋሪው ካለው አክብሮት የተነሳ ነው።

ይህ ታሪክ የዘርፌ ነው። ዘርፌ ጨርቅ ወጣሪ ነበረች፤ ጨርቁን በጃንጥላው ሽቦዎች ላይ ወጥራ ጫፍ ጫፉን በክር ታስራለች። እናቷ እማማ ተዋቡ በጉብዝናቸው ዘመን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንኑ ይሠሩ ነበር። አሁን አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው። አንድ ቀን ዘርፌ ሾርባ ስታጎርሳቸው እጇን ያዙና እንዲህ አሏት፦

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም ሳልከብድ ኖርኩ። ስሞት ግን መክበድ እፈልጋለሁ። የሚያልበው፣ ትከሻዬ ተቀነጠሰ እያለ የሚያማርር ሰው ይሸከመኝ። ጋሪ ላይ እንዳትጭኚኝ፣ ልጄ።»

«አልጭንሽም፣ እማዬ። በሰው ትከሻ ነው የምትሄጂው።»

ዘርፌ ይህን ከተናገረች በኋላ ለሥራዋ ያላት ፍቅር ተለወጠ። ከሥራ ከወጣች ከእድር ትወጣለች፤ ከእድር ከወጣች እናቷ ጋሪ ላይ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወንበሯን እንደ ሰው ትጠብቀው ጀመር። ታማ እንኳ አትቀርም ነበር።

የብረት ክንዶቹ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። በትልልቅ ሣጥን ታሽገው መጡ፤ ሹሙም ሰብስበውን ንግግር አደረጉ። ክንዶቹ የመጡት ሰውን ሊተኩ ሳይሆን ሰውን ሊያግዙ ነው አሉ። አጨበጨብን። ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ከወለሉ ጋር በብሎን የሚታሰሩ ረጃጅም ብረቶች ወጡ፤ ክርን አላቸው፣ አንጓ አላቸው፣ ሦስት ሦስት ጣት አላቸው። ትከሻም ራስም የላቸውም። ራስ አለመኖሩ በአስተዳደሩ በኩል እንደ ጉድለት አልታየም። ሥራ ላይ ሲሆኑ ያጎነብሳሉ፣ ይወጥራሉ፣ ያስራሉ፤ ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይቆማሉ። መካኒኩ ዳምጤ እንደነገረን ከሆነ ይህ የሚሆነው ዘይታቸው ወደ መገጣጠሚያው እንዲወርድ ነው።

እገዛቸውስ እገዛ ነበር። አንዱ ክንድ ዘርፌ ጎን ተተክሎ ዘርፌን ሲያግዝ ከዋለ በኋላ ለእሷ የቀረላት ሥራ እሱን ማየት ብቻ ሆነ። ስታየውም ዋለች። ሰው ገና አልተባረረም ነበር፤ ነገር ግን እጁን አጣጥፎ የሚውል ሠራተኛ ስንት ወር እንደሚቆይ ለመገመት መማር አያስፈልግም። ዘርፌ ያንን ክንድ እያየች እናቷን አሰበች። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላትና የእድሩ ዳኛ ወደሆኑት ወደ ባሻ ቢተው ሄደች።

«ባሻ» አለቻቸው፣ «የእድራችን ደንብ በዚህ ፋብሪካ የሚሠራ ሁሉ እድርተኛ ይሁን አይደል የሚለው? እነዚህስ አይሠሩም እንዴ?»

ባሻ ቢተው ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከደንብ ውጭ ሲያስነጥሱ እንኳ አይቻቸው አላውቅም። ትንሽ አሰቡና ይሠራሉ እንጂ አሉ። ዘርፌ ቀጠለች። እድርተኛ ከሆኑ ለቅሶ ሲኖር ሥራ ይፈታሉ፤ ሦስት ቀን ይቀመጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲበላሽ ደግሞ እኛ ለእሱ እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ሹሙ ክንድ ከሰው እንደማይሻል ያዩታል፤ የሚሻል ካልሆነ ደግሞ ሰውን የሚያባርሩበት ምክንያት የላቸውም። ሐሳቡን ስንሰማ እኛም ወደድነው። ከዚያ በፊት በፋብሪካችን እንደዚህ ያለ ብልሃት ተሰምቶ አይታወቅም ነበር።

በዚያ አገር ማንኛውም ነገር የሚወሰነው እጅ በማውጣት ነው። የወጣ እጅ ሁሉ ይቆጠራል፤ የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ ግን ነውር ነው፣ ሰውን መናቅ ይሆናል። ስለዚህ ባሻ ቢተው ክንዶቹ እድር ይግቡ የሚል እጁን ያውጣ ሲሉ የእኛም እጅ ወጣ፣ ስብሰባ በመሆኑ ሥራ አቁመው የነበሩት ክንዶችም ወደ ላይ እንደቆሙ ተቆጠሩ። ስለ ራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው ድምፅ ሰጡ ብለን ሳቅን። ሹሙም እንደ ቀልድ ቆጥረውት ከክንዶቹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሡ።

ብዙም ሳይቆይ የጨርቅ ቆራጩ አባት ሞቱ። ፋብሪካው ቀጥ አለ። ክንዶቹ በብሎን የታሰሩ በመሆናቸው ወደ ለቅሶው መሄድ ስላልቻሉ፣ ባሻ ቢተው ለቅሶው ወደ ክንዶቹ ይምጣ ብለው ወሰኑ፤ ድንኳኑ በፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ተተከለ። ሹሙ የውጭ ትእዛዝ አለብኝ እያሉ ከድንኳኑ ወጣ ገባ ይላሉ። ክንድ አያዝንም ብለው ቢከራከሩ ባሻ ቢተው በትሕትና ጎንበስ ብለው፣ «ክቡር ሹም፣ እኛስ ሁላችን የምናዝን ይመስልዎታል?» አሏቸው። ሹሙም ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ያን ሦስት ቀን ዘርፌን ያላመሰገነ ሰው አልነበረም፤ ለቅሶ ባይሆን ኖሮ በእልልታ እናነሣት ነበር።

ችግሩ ሹሙን ሦስት ቀን ሥራ አስፈትተን ማስቀመጣችን ነው። ሥራ የፈታ ሹም ያስባል። በሦስተኛው ቀን ቀና ብለው በድንኳኑ ዙሪያ ቀጥ ብለው የቆሙትን ክንዶች አዩ። ቆጠሯቸው። ከዚያ እኛን ቆጠሩ። በነጋታው ሌሎች ክንዶች እንዲመጡ አዘዙ፤ ለነባሮቹም ከስብሰባና ከለቅሶ እንዳይቀሩ ብለው ጎማ አስገጠሙላቸው። እድርተኛ ለእድርተኛ እንዲህ ሲያስብ ማየት ደስ ይላል ብለን ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሹሙ እንደ ማንኛውም አባል እጃቸውን አውጥተው ጥያቄ አቀረቡ። ሐዘን ከሦስት ቀን ወደ ግማሽ ቀን ይውረድ የሚል እጁን ያውጣ አሉ። እኛ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አደረግን። ክንዶቹ ግን እንደቆሙ ነበሩ፤ በቁጥርም በልጠውን ነበር። ባሻ ቢተው ቆጠሩና በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል አሉ። ደንብ ነውና የሚቃወምስ ብለው ጠየቁ። ክንዶቹ በሙሉ ተቃወሙ። ባሻ ቢተው ላብ በላብ ሆነው ከቆዩ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ይጸናል ብለው ወሰኑ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚቃወም አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ጊዜ ያባክናል ተብሎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመተረክ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሹሙ ማንንም አላባረሩም፤ ይህን ዛሬም በኩራት ይናገራሉ። እሳቸው የሚያደርጉት መጠየቅ ብቻ ነበር። እከሌ ይሰናበት የሚል እጁን ያውጣ ይላሉ፤ ባልደረቦቹ ያሰናብቱታል። የተሰናበተውም ቅር እንዳይለው ጃንጥላ ይሸለማል። በበጋ መንገድ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚሄድ ሰው ስታይ ሥራ ያጣ መሆኑን ታውቃለህ።

ዘርፌ መጀመሪያ ላይ እጇን አላወጣችም። ነገር ግን በወጡ እጆች መካከል ያልወጣ እጅ ከሩቅ ይታያል፤ ሹሙም አንድ ሁለቴ አዩአት። ቤት ውስጥ እናቷ አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ እጇን እስከ ጆሮዋ አወጣች፤ በሌላው ጊዜ ከጆሮዋ በላይ። የእኔ ስም የተጠራ ዕለት ዘወር ብዬ ፈለግኳት። እጇ ወጥቷል፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። አልተቀየምኳትም ብል ውሸቴን ነው። ጃንጥላዬን ይዤ ስወጣ በልቤ ያልሰደብኳት ስድብ አልነበረም።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ በአዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ሹሙ፣ ባሻ ቢተው፣ መካኒኩ ዳምጤ፣ በር ላይ ያለው ዘበኛና ዘርፌ ብቻ ሆኑ። ዘርፌን ያስቀሯት ለእንግዳ ነው። ጎብኚ ሲመጣ ወንበሯ ላይ ትቀመጥና አንድ ጨርቅ ይሰጧታል፤ ሹሙም እኛ ዘንድ የሰው እጅ ክቡር ነው እያሉ ያሳዩዋታል። ጎብኚው ሲሄድ ጨርቁ ይወሰዳል፣ አንዱ ክንድም አስተካክሎ ይወጥረዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሹሙ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ሬሳን በትከሻ መሸከም ኋላ ቀር ነው፣ ሬሳውን ያንገላታል፣ ተሸካሚውንም ያደክማል፤ ከእንግዲህ የአባላትም የወላጆቻቸውም ሬሳ በክንድ ይወሰድ የሚል እጁን ያውጣ አሉ። ክንዶቹ እንደቆሙ ነበሩ። ዘርፌም እጇን አወጣች። አስባበት አይደለም፤ ያውጣ ሲባል እጇ ራሱ መውጣት ለምዶ ነበር። ምን እንዳደረገች የገባት ቤቷ ደርሳ እናቷን ስታይ ነው። በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ነገሩን ልትደብቃቸው አስባ ነበር፤ ወሬው ግን በጎረቤት በኩል ቀድሟት ገብቶ ነበር።

«ያ ክንድ ሲሸከመኝ ከበደኝ ይላል?» ብለው ጠየቋት እማማ ተዋቡ።

«አይልም፣ እማዬ።»

«እንግዲያማ ጋሪው ይሻለኛል። ጋሪውን የሚጎትተው በቅሎ እንኳ ያለከልካል።»

ዘርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለዚህች አንዲት ነገር ብላ ስንቱን ባልደረባዋን በገዛ እጇ ሸኝታለች፤ አሁን ደግሞ ያቺኑ አንዲት ነገር በዚያው እጇ አሳልፋ ሰጠቻት። እማማ ተዋቡ ፀጉሯን ዳበሷት፣ ከዚያ በኋላም ነገሩን አላነሡባትም።

ያረፉት በበጋ፣ አንድ ማለዳ ላይ ነው። ዘርፌ ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ፋብሪካው ሄደች። ክንዶቹ ሥራ አቆሙና ተሰለፉ። ሹሙ ከልብ አዝኛለሁ አሉ፤ ለእማማ ተዋቡ ክብር አዲስ የመጣውን፣ ገና ዘይቱ እንኳ ያልደረቀውን ክንድ እንደሚመድቡ ተናገሩ። ዘርፌ እግራቸው ላይ ወድቃ ልትለምናቸው ነበር የመጣችው። ነገር ግን ባሻ ቢተው ደንብ አይዘነጉም፤ የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ከመወሰኑ በፊት ሐዘንተኛው ይናገራል አሉ። እሷም ለመለመን አፏን ከፈተች፣ ቀና አለች፣ ያንን ሁሉ የወጣ እጅ አየች። ልመናውን ተወችው።

«እናቴ በሰው ትከሻ ትሂድ የሚል» አለች፣ «እጁን ያውጣ።»

ክንዶቹ በሙሉ እንደቆሙ ናቸው። ሹሙ ዳምጤን አዩት፤ ዳምጤ መሬት መሬት አየ። ክንዶቹን ዝቅ ለማድረግ ሥራ ማስጀመር ይኖርበታል፤ በለቅሶ ሰዓት ሥራ ማስጀመር ደግሞ በደንቡ ክልክል ነው። ባሻ ቢተው ከዳር እስከ ዳር ቆጠሩ። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል አሉ። ሹሙ ይህ ጥያቄ ይደገም አሉ። ተደገመ። አሁንም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

የቀረው ትከሻ መፈለግ ነው። ደንቡ አባል ያልሆነ ሰው እድሩ የሚቀብረውን ሬሳ አይሸከምም ይላል። ከአባላቱ መካከል ትከሻ ያላቸው ወንዶች ሹሙ፣ ባሻ ቢተው፣ ዳምጤና ዘበኛው ብቻ ነበሩ። ሹሙ ትከሻቸውን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ከቃሬዛው ሥር ገቡ። ክንዶቹ ጎማቸው የእግር መንገዱን ስለማይችል ዳገቱን በሚዞረው አስፋልት ቀድመው ሄደው መቃብሩ ዘንድ እንዲጠብቁ ተደረገ፤ ለክብር ሲባል እያንዳንዳቸው ጃንጥላ ዘርግተው ነበር። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።

ወደ መቃብሩ የሚወስደው የእግር መንገድ የሚያልፈው እኛ የተሰናበትነው ሰዎች በምንኖርበት ሰፈር መካከል ነው። ኮቴና ማቃሰት ሰምተን ከየበራችን ወጣን። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየተንገዳገዱ ይመጣሉ፤ ከፊት በግራ በኩል ያሉት የጥላው ሹም ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለን። እጃችንን አጣጥፈን ግድግዳ ተደግፈን አየናቸው። ሹሙ ፊታቸው በርበሬ መስሏል፣ ላቡ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል፤ ዳገቱ ሲጀምር፣ «ኧረ ትከሻዬ፣ ትከሻዬ ተቀነጠሰ» አሉ። ከኋላ የምትከተለው ዘርፌ ይህን ስትሰማ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። እናቷ ከበዱ፤ የፈለጉትን አገኙ።

ከዚያ የዘበኛው እግር አዳለጠውና ቃሬዛው አንድ ጎኑን ዘመመ።

እማማ ተዋቡ የአባቴ ለቅሶ ላይ ንፍሮ ቀቅለው በትልቅ ድስት ተሸክመው የመጡ ሴት ናቸው። ይህን አስቤ ነው ወደ ቃሬዛው የሮጥኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ራሴን ከቃሬዛው ሥር አገኘሁት። ጨርቅ ቆራጩም ከወዲያ በኩል መጥቷል፤ የማሸጊያ ክፍል ሰዎች፣ ሽቦ ቀጥቃጮቹ፣ ሁሉም መጥተዋል። የሹሙን ቦታ እኔ ያዝኩት፤ የሦስቱንም ቦታ ሌሎቹ ያዙት። ሹሙ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና ትንፋሻቸው ሲመለስ በማን ውሳኔ ነው የተሸከማችሁት፣ አባል አይደላችሁም፣ እጅ አልወጣም አሉ። ባሻ ቢተው ደንቡን ሊጠቅሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉትና ከኋላችን መጡ። እኛ መውጣታችንን ቀጠልን። ዳገት ላይ ሬሳ የተሸከመ ሰው ትንፋሹን ይቆጥባል።

ዘርፌ ሮጣ ደረሰችብኝ። ነጠላዋ ወርዷል፣ ፊቷ በእንባና በአቧራ ተለውሷል። ከጎኔ እየተራመደች ቀና ብላ አላየችኝም።

«ባንተ ቀን እጄን አውጥቼብሃለሁ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። አይቼሻለሁ» አልኳት። «አሁን ዞር በይ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። እናትሽን እንዳንጥላቸው።»

ዞር አላለችም። እጇን አንሥታ ቃሬዛው ላይ አሳረፈችና አብራን ወጣች። ያንን እጅ ማንም አልቆጠረውም።